ትንሽ ፓርቲ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው እንዴ? ግሩፓችን በዚህ ሊፈርስ ነው

ግራ_የገባው_አድሚን፦
ሰላም ናችሁ፣ እስቲ ፍረዱን። ምርጫው እየደረሰ አይደል፣ የጥናት ግሩፓችን ውስጥ ስለ ትምህርት ማውራት ካቆምን ቆየን። ሁለት ጓደኞቼ አሉ፣ ሁለቱም ገዥው ፓርቲ እንዲወርድ ነው የሚፈልጉት፣ ማለት ዋናው ነገር ላይ ይስማማሉ እኮ! ግን እሱ "ትልቁን ተቃዋሚ ካልመረጥሽ ድምፅሽን ጣልሽው፣ እንደውም ለገዥው እንደሰጠሽ ቁጠሪው" አላት፣ እሷ ደግሞ "የማላምንበትን ከመረጥኩማ ድምፁ ያንተ ነው እንጂ የኔ አይደለም" አለች። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዛ እሱዬ "በናንተ አይነቱ ነው እኮ ሀገር እንዲህ የሚሆነው" ብሎ ጻፈ፣ እሷ የአምና ቮይሱን ፈልጋ ለጠፈችበት (ያኔ ጭራሽ አልመርጥም ሲል የነበረበትን)፣ ሌላውም ጎን ለይቶ ገባበትና አሁን የግሩፕ ፕሮጀክቱን የሚነካው ሰው የለም። ሁለቱም በውስጥ እየመጡ "አንተስ ምን ትላለህ" ይሉኛል። ማናቸው ናቸው ልክ?

ቆጣሪው፦
ከመፍረድህ በፊት ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቃቸው፣ ጭቅጭቁ ያለው እዛ ነው። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ወንበሩን የሚወስድ ከሆነ (ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም፣ ከሚቀጥለው በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል) ልጁ ነጥብ አለው፣ ግን ያሰበውን ያህል አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ምን ሆነ መሰለህ፣ ሌበር የሚባለው ፓርቲ 34 ፐርሰንት ገደማ ድምፅ ይዞ ከ650 ወንበር 411 ወሰደ። ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ 14 ፐርሰንት አምጥቶ 5 ወንበር፣ ሊበራል ዴሞክራቶቹ 12 ፐርሰንት አምጥተው 72 ወንበር። አዎ፣ ያነሰ ያመጣው ነው 72ቱን ያገኘው። የነሱ ድምፅ የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ተከማችቷል፣ የሪፎርም ግን ሀገሩ ሁሉ ላይ ተበትኖ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲወጣ ዋለ። ስለዚህ ትንሽ ትልቅ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ልጅቷ የምትመርጠው የት ነው? እሷ ጋ ትንሹ ፓርቲ ጠንካራ ከሆነ እኮ ድምፅ የሚበትነው ትልቁ ነው።

አልታለልም፦
ቆጣሪው ሂሳቡ ልክ ነው ግን ይሄ "ለገዥው እንደሰጠሽ ቁጠሪው" የሚባለው ነገር ያበሳጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ውጤቱን በወሰነችው ፍሎሪዳ ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው፣ የትንሽ ፓርቲ እጩ የነበረው ራልፍ ኔደር እዛው 97 ሺህ ድምፅ አገኘ፣ እስከ ዛሬ "ኔደር ነው ያበላሸው" ይላሉ። ያንን ሁሉ ሰው የጎር ንብረት ያደረገው ማነው? አንዳንዱ ኔደር ባይኖር ከቤቱም አይወጣም ነበር። ጎር ፈልጎ ካጣቸው ጥፋቱ የመራጩ ነው እንዴ? ደሞ የባከነ የሚባለው ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ሶሻል ክሬዲት የሚባል ፓርቲ 20 ፐርሰንት አምጥቶ ከ92 ወንበር 2 ብቻ ነው የደረሰው፣ በዛው ምርጫ ከሁሉም ብዙ ድምፅ ያገኘው የኒውዚላንዱ ሌበር ራሱ በወንበር ተሸነፈ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ስለተማረረ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ወደ ተመጣጣኝ ውክልና (ፓርቲ ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር የሚያገኝበት) ዞሩ። ሁሉም ሰው "ብልጥ" ሆኖ ትልቁን ብቻ ቢመርጥ ኖሮ ማን ያስተውለው ነበር?

ቆጣሪው፦
@አልታለልም እሺ፣ ግን ያ አመታት ፈጀ፣ ልጁ የሚያወራው ስለዘንድሮ ነው። አውስትራሊያ ቢሆኑ ይሄ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር፣ ከ1918 ጀምሮ እጩዎቹን አንድ ሁለት ሦስት እያልክ በቁጥር ነው የምትመርጠው፣ አንደኛህ ከወደቀ ድምፅህ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል።

ሚውት_አድርጉኝ፦
ጎበዝ ችግሩ የምርጫ ሥርዓት አይደለም፣ የአምናው ቮይስ ነው 😂 ሰው በተሰበሰበበት የድሮ ቃሉን ያወጣህበት ሰው ማስረጃ ብትቆልልለትም አይሰማህም፣ ያለው አማራጭ መከላከል ብቻ ነዋ። እሱም "በናንተ አይነቱ" ያላትን ያንሳ፣ ይሄ ክርክር አይደለም ስድብ ነው። አንተ ደሞ አድሚን ነህ ዳኛ አይደለህም፣ ለፖለቲካው ሌላ ግሩፕ ክፈትላቸውና እዛው ይፋጁ፣ በዋናው ፕሮጀክቱ ብቻ። በውስጥ ለሚመጣው ደግሞ ለሁለቱም አንድ አይነት መልስ ስጥ፣ ስክሪንሾት እንደሚለዋወጡ አትጠራጠር።

ግራ_የገባው_አድሚን፦
ቆጣሪው እንዳለው ጠየቅኳቸው። ለካ የተመዘገቡበት የምርጫ ክልል የተለያየ ነው! እሷ ጋ ባለፈው ሁለተኛ የወጣው ትንሹ ፓርቲ ነው፣ ትልቁ ሦስተኛ። እሱ "ታዲያ ይሄን ቀድማ አትናገርም?" አለ፣ እሷ "መቼ ጠየቅከኝ፣ ስትሰድበኝ አይደል የነበረው" አለችው። ፕሮጀክቱን ከፋፍዬ ሰጥቻቸዋለሁ፣ መሥራት ጀምረዋል፣ ቮይሱን ግን አላጠፋችም፣ አንተ አጥፋው ብሎ እየለመነኝ ነው።

ሚውት_አድርጉኝ፦
እንዳትነካው። ያጠፋህ ቀን የእሱ ደጋፊ ተባልክ ማለት ነው፣ ራሷን ይለምናት።