በዝናብ ወራት ቤተሰብ ይዞ በመካከለኛው ቬትናም በመኪና ስለ መጓዝ

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔና ባለቤቴ በኅዳር መጨረሻ በሚውለው በመጪው የታንክስጊቪንግ በዓል ዕረፍት ሁለት ልጆቻችንንና ከአገር ቤት የመጡትን እናቴን ይዘን ወደ ቬትናም ለመሄድ አስበናል። መኪና ተከራይተን ከሁዌ እስከ ሆይ አን ራሳችን እየነዳን ለመጓዝ ነው ዕቅዳችን። ሰሞኑን ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ወቅት ዝናቡ ከቤት አያስወጣም ስትል አሳሰበችኝ። ከእናንተ መካከል በዚያ ወራት ቤተሰብ ይዞ የሄደ ካለ ቢመክረን እግዚአብሔር ይስጥልን።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ እኅታችን፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው በታንክስጊቪንግ ሰሞን እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና የ71 ዓመት እናቴ ያንኑ መንገድ ተጉዘነዋልና የገጠመንን በዝርዝር ብጽፍልዎ ይጠቅምዎታል ብዬ አስባለሁ። ምክሬ ሂዱ ነው፤ ነገር ግን መሪውን ለአገሩ ሰው ስጡ፣ ከጉዞውም ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ምንም ሳታቅዱበት ተዉት።

ባልደረባዎ ስለ ዝናቡ የነገረችዎት እውነት ነው። ቬትናም ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን አገር በመሆኗ ክረምቷ በሁሉም ቦታ እኩል አይገባም። በሰሜን ያለችው ሃኖይም ሆነች በደቡብ ያለችው ሆ ቺ ሚን ከተማ ዝናባቸውን በአመዛኙ የሚያገኙት ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ ነው። በእነዚያ ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ የትሩንግ ሶን ተራሮች ስለሚያግዱት መካከለኛው የባሕር ዳርቻ ደረቅና ሞቃት ሆኖ ይከርማል። ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ መንፈስ ሲጀምር ግን ከባሕሩ ያነሣውን እርጥበት እነዚያው ተራሮች ላይ ያራግፈዋል፤ ስለዚህ ሌላው አገር ሲያባራ ሁዌ፣ ዳ ናንግና ሆይ አን በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ዶፍ ይወርድባቸዋል። የባሕር ማዕበልም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 ሁዌ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጥሏል፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዎታል። እንዲህ ያለው ቀን ብርቅ ቢሆንም በዚያ ወር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል አውቆ መሄድ አለበት።

እኛ ስሕተት የጀመርነው ገና እዚሁ አሜሪካ ሳለን ነበር። በኢንተርኔት ላገኘነው የመኪና አከራይ ቀብድ ስንከፍል ስለ መንጃ ፈቃዳችን አንድም ነገር ሳይጠይቀን ገንዘቡን ተቀበለን። ልንሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ነው ፈቃዳችን እዚያ እንደማይሠራ ያወቅነው። ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀበለችው የ1968ቱን የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚታተም ስለሆነ እዚያ ዋጋ የለውም። የካናዳውም እንዲሁ ነው። ቀብዳችን አልተመለሰልንም። ከገንዘቡ ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን ሕጋዊ ፈቃድ ሳይኖርዎ አደጋ ቢደርስ የጉዞ ኢንሹራንሱ እጁን ሊሰበስብ መቻሉ ነው። ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ የሚያከራዩ ብዙዎች ናቸውና ባለቤትዎ በዚያ እንዳይታለሉ አደራ እላለሁ።

ስለዚህ ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ከነሹፌሩ ያዝን። ከሃኖይ ተነሥተን ከሁዌ በስተ ሰሜን ወዳለችው ወደ ዶንግ ሆይ ከተማ በአውሮፕላን ሄደን፣ ከዚያ ፎንግ ኛን፣ ቪን ሞክንና ሁዌን እያየን ሆይ አን ደረስን። መንገዱ ሁሉ ተደምሮ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እኛ ስምንት ቀን ሰጠነው፤ ስምንቱም አልበዛብንም።

ፎንግ ኛ በዋሻዎቹ የታወቀ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበረ በጀልባ የሚገባበት ዋሻ ተዘግቶ ጠበቀን፤ ልጆቹ አለቀሱ። በምትኩ ከፍ ብሎ የሚገኘውንና በእንጨት መሄጃ የሚገባበትን የገነት ዋሻ አየን፤ ደረጃው ብዙ በመሆኑ እናቴ ከታች ጠበቀችን። ቪን ሞክ ግን ዝናብ የማይከለክለው ቦታ ነው። በጦርነቱ ዘመን፣ ሰሜንና ደቡብ ቬትናም የተለያዩበት የቤን ሃይ ወንዝ አጠገብ ያለው የዚህ መንደር ሕዝብ ከቦምብ ለመዳን ባሕሩ ዳር ባለው ጉብታ ሥር ቆፍሮ፣ ጥልቁ 23 ሜትር በሚደርስ ሦስት ደርብ ዋሻ ውስጥ ኖሯል። 17 ሕፃናት እዚያው ተወልደዋል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የተፈለፈሉት ጎድጓዳ ክፍሎች አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛባቸው እንኳ አይመስሉም፤ እያንዳንዱ ግን የአንድ ቤተሰብ ቤት ነበረ። እናቴ አንደኛው ደፍ ላይ እጇን አሳርፋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያም ለአራሶቹ ውኃውን በምን አሞቁላቸው ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አላገኘሁም።

ከዚያ ወጥተን ወደ ሁዌ ስናቀና ካፊያው ዶፍ ሆነ። መንገዱ ከሩዝ ማሳው ብዙም ከፍ አይልም፤ ማሳውና መንገዱ አንድ ዓይነት ቡናማ ውኃ ለብሰው የአስፋልቱን ጠርዝ የሚያሳውቁት በዳርና ዳር የቆሙት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ብቻ ሆኑ። ሹፌራችን አንድ መንደር ሲደርስ መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። እኔ ሁዌ ላይ የተከፈለበት ሆቴል እንዳለን፣ ልጆቹም እንደራባቸው በስልኬ ማስተርጎሚያ እየጻፍኩ ወተወትኩት። እርሱ ምንም ሳይመልስልኝ ወረደና እንድከተለው በእጁ ጠቁሞኝ አንድ ቤት ግድግዳ አጠገብ አቆመኝ። ከደረቴ ከፍ ብሎ ቀለሙ የተለየ አግድም መስመር ነበረ። መዳፉን መስመሩ ላይ አሳርፎ በሌላው እጁ ጣት 2020 ብሎ አየር ላይ ጻፈልኝ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ኳንግ ትሪንና ሁዌን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ የስድስት ሰው ነፍስ ይዤ ልከራከር በመሞከሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያደርነው እዚያው መንደር፣ «ኛ ንጊ» ከሚሏቸው አነስተኛ የመንገድ ዳር ማረፊያዎች በአንዱ ነው። ስንገባ ባለቤቲቱና ልጃቸው በደረጃው ላይ ሳንቃ ዘርግተው ሞተር ሳይክሎቹን ወደ ላይኛው ፎቅ እየገፉ ነበር፤ የሩዙ ጆንያና የጋዙ ሲሊንደር ቀድመው ወጥተዋል። ማንም አልተጣደፈም፣ ማንም አልጮኸም፤ እንደኛ አገር ሰው ክረምት ሲገባ ጣራ እንደሚጠግን ሁሉ የለመዱት ሥራ ነው። እኔና ትልቁ ልጄ ሁለቱን የመጨረሻ ሞተሮች አብረን ገፋን። ከዚያ ሴትዮዋ የሁላችንንም ዕድሜ በጣት ጠየቁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ደንገጥ ብላ ነበር፤ ሹፌራችን ሲያስረዳን ግን ነገሩ አክብሮት ሆኖ ተገኘ። በእነርሱ ቋንቋ ሰውን ያለ ዝምድና ቃል ማነጋገር አይቻልም፤ ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ እኅት፣ አጎት፣ አያት ለማለት ዕድሜን ማወቅ ግድ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴ «ባ»፣ ማለትም አያት ሆነች። እርሷም ሴትዮዋን በአማርኛ «እትዬ» ትላቸው ጀመር፤ ሁለቱም የሚባባሉትን ያወቁት ይመስለኛል።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር እናቴ የምትበላው ነገር አሳስቦኝ ነበር። እዚህ ላይ ለጾመኛ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ቃል አለ፤ «አን ቻይ» ማለት ሥጋም ዓሣም የሌለበትን መብላት ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ ጨረቃ በገባች በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ስለሚጾሙ ቃሉን የማያውቅ የለም፤ በገዳማቷ ብዛት የታወቀችው ሁዌማ የጾም ምግብ ቤት ሞልቷታል። ሆኖም የዓሣ መረቃቸው «ንዎክ ማም» በማይጠበቅ ወጥ ውስጥ ሁሉ ስለሚገባ ቃሉን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ቅቤው ባያሳስብም እንቁላል አንዳንድ ጊዜ ይቀላቀላል። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ በሻማ ብርሃን ቶፉ በቲማቲም፣ የውኃ ዳር ጎመን በነጭ ሽንኩርትና ሩዝ ቀረበልን። ውኃው ሌሊት የደረጃውን ሁለተኛ እርከን ነክቶ ቆመ፤ ጧት ጎደለ፤ ከቀትር በኋላ መንገድ ጀመርን።

ሁዌ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1945 የንጉዌን ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ቤተ መንግሥቱን በዝናብ ልብስ ዞረን አየነው፤ ሕዝብ ስላልበዛበት ደስ አለን።

ከሁዌ ወደ ዳ ናንግ ሲወርዱ የሐይ ቫን ተራራ አለ። ስሙ ባሕርና ደመና ማለት ሲሆን መተላለፊያው 496 ሜትር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻም በሥሩ ያልፋል። ደብረ ሲና የተወለደችው እናቴ ጭጋጉ መኪናውን ሲውጠው ወዲያው «ጣርማ በር ደረስን» አለች። አልተሳሳተችም። ጣርማ በር ላይ ብርዱን ትቶ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደሚወረድ ሁሉ፣ ሐይ ቫንም የሰሜኑን ቀዝቃዛ ነፋስ ያግድና ከወዲያ ማዶ ያለውን አገር ሞቅ ያለ ያደርገዋል። ጫፉ ላይ ምንም አልታየንም፤ የድሮው የድንጋይ በር እንኳ ከአሥር ርምጃ በላይ አልታየም። ከሦስተኛው ጥምዝ በታች ግን ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተነሥቶ ባሕሩ ከነጀልባዎቹ ወለል አለ። ዝናቡ ከባድ ከሆነ ሹፌሩ በዋሻው ይሂድ፤ ናዳ የሚወርድበት ተራራ ነው።

ሆይ አን በቱ ቦን ወንዝ አፍ ላይ ያለች የጥንት ነጋዴዎች ከተማ ናት። በአሮጌዎቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ጎርፍ ከፍታ ተጽፎ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ ከከፍተኞቹ አንዱ ነው። በጣራው እንጨት መካከል ዕቃ ወደ ላይ የሚጎተትበት ቀዳዳ አለ። መኝታዎን ከወንዙ ራቅ ብለው ከምድር ቤት በላይ ይያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። በገጠሩ ጥቁር ሰው እምብዛም ስለማይታይ ሰዎች ልጆቻችንን ያዩ ነበር፤ የሴት ልጄን ሹሩባ ደጋግመው ዳሰሱት። ክፋት አላየሁባቸውም፤ ግን ልጄ ሁለተኛው ቀን ላይ ተከፍታ ኮፍያዋን አላወልቅም አለች። ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹን አነጋግሯቸው፤ አልፈልግም የማለት መብት እንዳላቸው ይወቁ። እኛ አስቀድመን ባለመናገራችን በጣም አዝኛለሁ።

ተጨማሪ፣ ከፍራንክፈርት

ወንድማችን ስለ መንጃ ፈቃዱ የጻፉት ትክክል ነው። ጀርመን የ1968ቱ ስምምነት አባል ስለሆነች እኛ ዓለም አቀፍ ፈቃዳችንን ይዘን ራሳችን ነድተናል፤ የጀርመን ፓስፖርት ለያዘም 45 ቀን ያለ ቪዛ ይፈቀዳል። ሕጉ ቢፈቅድልንም ሁለተኛ አልነዳም። በዝናብ ጊዜ ሞተረኞቹ ራሳቸውንና ከኋላ የተሳፈረውን በአንድ ሰፊ ላስቲክ ሸፍነው ስለሚሄዱ ዞረው አያዩም፤ ከጎንም ከፊትም ይመጣሉ። የልጅ መቀመጫ በኪራይ መኪና ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቀን የሚነድፈው ትንኝ የደንጊ ትኩሳት ስለሚያስተላልፍ የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ለአምቡላንስ የሚደወለው 115 ነው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መኪናውን ከነሹፌሩ ለመያዝ ወስነናል። እናቴ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ ቪዛ ያስቸግራቸው ይሆን? ደግሞም መኪና ያዞራቸዋል።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኅታችን፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ቪዛው ለሁሉም አገር ዜጎች ክፍት ነው፤ እስከ 90 ቀን ይፈቅዳል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለደጋጋሚ 50 ዶላር ነው። መንግሥታዊውን ድረ ገጽ ብቻ ይጠቀሙ፤ የእናትዎን ስም ከነአያታቸው ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ይሙሉ፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት አየር ማረፊያ ላይ ያስቸግራል። የሐይ ቫን ጥምዝ ለሚያዞረው ሰው ከባድ ስለሆነ ዋሻውን ይምረጡ፤ ወይም ከሁዌ እስከ ዳ ናንግ በባቡር ይሂዱ፤ ሐዲዱ ተራራውን በባሕሩ በኩል ስለሚዞር ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ሹፌሩም ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ይጠብቃችኋል። ወደ ደቡብ ሲጓዙ ባሕሩ በግራ ነውና በባቡሩም በመኪናውም እናትዎን በግራ በኩል፣ መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው።