ታቲንግ፦ ቀለበቱ አልዘጋ አለኝ፤ ለክረምት ተማሪዎቼስ እንዴት ላስተምረው?

ጥያቄ፦ ባለዳንቴል (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንቴል በኪሮሽ ከልጅነቴ ጀምሮ እሠራለሁ፤ ክረምት ሲመጣም ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ የሰፈራችንን ልጃገረዶች ሰብስቤ አስተምራለሁ። ዘንድሮ እህቴ ከውጭ ስትመጣ የታቲንግ መወርወሪያና አንድ ድቡልቡል ነጭ ክር አመጣችልኝ። ለማታውቁት፦ ታቲንግ ያለ ኪሮሽ የሚሠራ ዳንቴል ነው። ጣት በምታህል መወርወሪያ ላይ ክር ይጠቀለላል፣ በግራ እጅ ጣቶች ላይ በተዘረጋው ክር ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ተደርድሮ ሲሳብ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። አንዴ ከተቋጠረ እንደ ኪሮሽ ሥራ ጫፉን ስበው የሚተረትሩት አይደለም። ይህ ጥንካሬው ነው ልቤን የሳበው።

ችግሬ ቀለበቱ ነው። ቋጠሮዎቹ ሲደረደሩ ደስ ይላሉ፤ ልዝጋው ብዬ ክሩን ስስብ ግን ንቅንቅ አይልም። ጠበቅ ሳደርገው ይበጠሳል። ምን ይሻለኛል? ደግሞ ለተማሪዎቼ የሚሆን መወርወሪያ እዚህ አላገኘሁም፤ ክሩስ የትኛው ነው? በረጅም መርፌም ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ለልጆች እሱ ይቀል ይሆን? ከልጆቹ አንዷ ግራኝ ናት፤ እሷንም አስቡልኝ።

መልስ፦ ክር ወዳጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የአንቺ ችግር ታቲንግ የጀመረ ሁሉ የሚገጥመው ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ቋጠሮሽ አልተገለበጠም።

ኪሮሽ ስንሠራ የሚቋጥረው መሣሪያው የያዘው ክር ነው። እዚህ ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። መወርወሪያዋ ዞራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታገኚው የመወርወሪያዋ ክር በእጅሽ ክር ላይ ተጠምጥሞ ነው። እንደዚያው ካጠበቅሽው ቋጠሮው ባለበት ይነክሳል፣ ቀለበቱም መቼም አይዘጋም። መሆን ያለበት የመወርወሪያዋ ክር በመሃል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ፣ የእጅሽ ክር ደግሞ እሱ ላይ እንዲጠመጠም ነው።

እንዲህ አድርጊ። ክሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠሽ በቀሩት ጣቶች ጀርባ አዙሪና መልሰሽ እዚያው ቆንጥጪው። ለመጀመሪያው ግማሽ መወርወሪያዋን ከእጅሽ ክር በታች አሳልፊ፣ በላዩ መልሺ። አሁን እዚህ ላይ ቁሚ። የግራ እጅሽን መሃል ጣት ዝቅ አድርጊና የእጅሽ ክር ይላላ፤ መወርወሪያዋን ወደ ቀኝ ሳቢና ክሯ ቀጥ ይበል። ጥምጥሙ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲዘል በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ የቀኙን ሳትለቂ መሃል ጣትሽን ቀስ ብለሽ አንሺ፤ ቋጠሮው ተንሸራቶ ወደ ቆነጠጥሽበት ይሄዳል። ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ በላይ ሄዶ በታች ይመለሳል፣ መገልበጡም ያው ነው። ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ አንድ ሙሉ ቋጠሮ ናቸው።

በየቋጠሮው የመወርወሪያዋን ክር ወዲያና ወዲህ ሳቢው። ካልተንሸራተተ አትቀጥዪ። ከሃያ ቋጠሮ መሃል አንድ ግማሽ ብቻ ሳይገለበጥ ቢቀር ቀለበቱ አይዘጋም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለልጆቹም ይህን አስቀድሚ። መጀመሪያ ቀለበት አታሠሪያቸው። ቀይ ክር መወርወሪያዋ ላይ ጠቅልዪ፣ የነጩን ክር ጫፍ ከቀዩ ጫፍ ጋር እሰሪው። ነጩ እጅ ላይ ይዘርጋ፣ ትርፉ ትንሿ ጣት ላይ ይጠምጠም፤ በቀዩ ይቋጠር። ትክክል ከሆነ ቋጠሮዎቹ ሁሉ ነጭ ይሆናሉ፣ ቀዩ በመሃል ይሸሸጋል። ቀይ ቋጠሮ ብቅ ካለ ያ አልተገለበጠም ማለት ነው። ልጅቷ ራሷ ታየዋለች፣ አንቺን መጠየቅ አያስፈልጋትም።

መልስ፦ የሸማኔ ልጅ (ሽሮ ሜዳ)

ስለ መሣሪያው እኔ ልመልስ። የታቲንግ መወርወሪያ እንደኛ የሸማኔ መወርወሪያ በድር መሃል አይወረወርም፤ በጣት ተይዞ ይሽሎከሎካል። የተገዛው ሁለት ቅጠል መሰል ገጽ አለው፤ ጫፎቹ ስለሚነካኩ ክሩ ያለፈቃድ አይለቀቅም። ለመማሪያ ግን ዝርግ ይበቃል። ከአይስክሬም ዕቃ ክዳን 7 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በሁለቱም ጫፍ ክሩ የሚገባበት ትንሽ ሰርጥ አውጡለት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ ክር የሚይዝ ሻካራ ነገር ከቀረ ልጆቹን ያማርራቸዋል። ክሩ ሲጠቀለል ከጎን ገጽ እንዳይወጣ፤ ከወጣ ይቆሽሻል፣ ይያዛልም።

የሚያምርና የሚቆይ ከፈለጋችሁ ከቀንድ ዋንጫ ለሚሠሩ ባለሙያዎች አሳዩአቸው። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲሞረድም ይለዝባል። በአውሮፓም ድሮ ከቀንድ፣ ከአጥንትና ከዝሆን ጥርስ ይሠሩት ነበር።

ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለስ ነጋዴ የምታውቁም ካላችሁ ላኩት። የቱርክ ሴቶች የሻሻቸውን ጠርዝ የሚያስጌጡበት አንዱ መንገድ ይሄው ስለሆነ መሣሪያውን እዚያ ያገኘዋል። «መኪክ» ብሎ ይጠይቅ።

መልስ፦ የሜሪላንዷ

እኔ በመርፌ ነው የጀመርኩት፤ ለልጆች በመርፌ ብታስጀምሪያቸው እላለሁ። ቋጠሮው በረጅም መርፌ ላይ ይደረደራል፣ በመጨረሻ መርፌው በመሃላቸው ያልፋል። መገልበጥ የሚባል ነገር የለም። ተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ቀለበት ይዛ ቤቷ ትገባለች፣ ይህ ደግሞ ትልቅ ብርታት ነው። መርፌው ግን ተራ የልብስ መርፌ አይሁን፤ ዓይኑ ከአካሉ የሚወፍር ከሆነ ቋጠሮው ውስጥ ሲያልፍ ይቀረቀራል።

መልስ፦ ክር ወዳጅ

የሜሪላንዷ እህቴ ያለችው እውነት ነው፤ ግን ለባለዳንቴል ተማሪዎች አልመክረውም። በመርፌ የተሠራው ላላ ይላል፤ የመርፌው ውፍረት በቋጠሮው ውስጥ ክፍተት ትቶ ይሄዳልና። ለእያንዳንዱ የክር ውፍረትም ሌላ መርፌ ይፈልጋል። መወርወሪያ ግን ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው ናት፣ ከክዳንም ትቆረጣለች። እጇ በጣም ለሚያስቸግራት ልጅ ከሆነ መርፌውን እቀበላለሁ።

ክሩን ረስቼው ነበር። በደንብ የተገመደ፣ የሚያብረቀርቅ የጥጥ ክር ይሁን፤ የኪሮሽ ዳንቴል የምትሠሪበት ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ ይወፍራል፦ 10 ወፍራም ነው፣ 20 መካከለኛ፣ 80 እንደ ልብስ ስፌት ክር ቀጭን። ለመማሪያ 10 ያዢ። ስድስት ዘርፍ ያለው የጥልፍ ክር ይበታተናል፤ ሱፍ ደግሞ ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም አይንሸራተትም።

ባለዳንቴል

ተዘጋልኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሁለት ቀለሙን ክር ባየሁ ጊዜ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የማልገለብጠው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ግማሽ ኖሯል። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሁለተኛውን ቀለበት ከመጀመሪያው ጋር እንዴት ላያይዘው? ተሳስቼ የዘጋሁትን ቀለበትስ መክፈት ይቻላል?

መልስ፦ የእጅ ሥራ መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ ጎበዝ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ግን ይህን ነገር ስትጠይቂ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማያያዣዋ ጆሮዋ ናት። በሁለት ቋጠሮ መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ትተሽ ቀጣዩን ቋጥሪና ወደ ፊተኛው አስጠጊው፤ የተረፈው ክር ቆሞ ጆሮ ይሆናል። ለጌጥም ለማያያዣም የምታገለግል እሷ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ ይህ ሥራ ሲስፋፋ መጀመሪያ ቀለበቶቹ ለየብቻ ተሠርተው በመርፌ ነበር የሚሰፉት። እየተሠራ ማያያዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሥራውን ዳንቴል ያደረገውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያውን ቀለበት 4 ቋጠሮ፣ ጆሮ፣ 4፣ ጆሮ፣ 4፣ ጆሮ፣ 4 አድርገሽ ዝጊ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባዶ ክር ተዪ። ሁለተኛውን 4 ቋጥሪና የፊተኛውን ቀለበት የመጨረሻ ጆሮ በእጅሽ ክር ላይ አድርጊው። በቀጭን ኪሮሽ የእጅሽን ክር በጆሮው በኩል ወደ ላይ ሳቢና ወጣ አድርጊ፤ መወርወሪያዋን በዚያ ውስጥ አሳልፊ። ጣትሽን አንስተሽ የወጣውን ክር መልሰሽ አጥብቂ፤ ይህ ማያያዣ አይገለበጥም። የመወርወሪያዋ ክር ግን አሁንም መንሸራተት አለበት፣ ሳቢና እዪው። ከዚያ 4፣ ጆሮ፣ 4፣ ጆሮ፣ 4፣ ዝጊ። እኔ ማያያዣውን ከቋጠሮ አልቆጥረውም፤ የሚቆጥሩ አሉ። አንዱን ያዢና ሁሉም ልጆች እንደዚያው ይቁጠሩ፣ አለበለዚያ ሥራቸው ጎን ለጎን ሲቀመጥ አይመጣጠንም። ይህ ረድፍ ብቻውን ለመሐረብና ለትራስ ልብስ ጠርዝ ይሆናል።

የተዘጋውን ለመክፈት ጆሮ ያለበትን ቦታ ፈልጊ። የጆሮዋን ሁለት ጎን በጥፍርሽ ቆንጥጠሽ ግራና ቀኝ ስትለይው የመሃሉ ክር ብቅ ይላል። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ ቀለበቱ በትንሽ በትንሹ ይላላል። ክሩን አትውጊው፣ ይሰነጠቃል። ጆሮ የሌለውን ቀለበት መክፈት በጣም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ጆሮ የሌለው ቀለበት አትስጪ።

ግራኟን ልጅ ጎንሽ አታስቀምጫት። ፊት ለፊትሽ አስቀምጫትና አንቺ በቀኝሽ የምታደርጊውን እሷ በግራዋ ታድርገው፤ እንደ መስታወት ታይሻለች። ቋጠሮው ለሁለቱም እጅ እኩል ስለሆነ ሥራዋ ከሌሎቹ አይለይም። ቀኝ እጅሽን ተጠቀሚ ብሎ የሚያስገድዳት ሰው ካለ ግን እባክሽ አንቺ አስጥዪያት።

ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው፤ እርጥቡን ፎጣ ላይ ዘርግተሽ እያንዳንዷን ጆሮ በስፒል ወጥሪና ይድረቅ። ካውያ አያስፈልገውም።