412 ፒዲኤፍ ሲከፈቱ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ እንዴት ላድርግ?

ሽምብጥ (ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት)

እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ እኔ ግን ሳላወራ መጠየቅ አይሆንልኝም፣ ታገሱኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራው ላይ 23 ዓመቴ ነው። 11 ኮምፒውተር አለን። ስምንቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ደስ ሲላቸው ይሠራሉ፣ አንዱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆኗል። ኢንተርኔት የለንም። መጽሐፍ ግን አለን፤ ከዚህም ከዚያም በፍላሽ እያስገለበጥኩ ያጠራቀምኳቸው 412 ፒዲኤፎች። የመማሪያ መጻሕፍት፣ የድሮ ፈተናዎች፣ መምህራን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ወደ ፒዲኤፍ የቀየሯቸው ማስታወሻዎችም አሉበት።

ችግሬ አከፋፈታቸው ነው። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ማውሱን ስታሽከረክሩት ገጽ በገጽ ይዘላል። ባዮሎጂው ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ የጉንዳን እግር የሚያክል ፊደል ያሳያል። አንዱ ፊዚክስ በግራ በኩል የምዕራፍ ዝርዝሩን ዘርግቶ ለጽሑፉ የተረፈውን ቦታ ይሰጠዋል። የመምህራኑ ፎቶዎች ደግሞ የአንድ ፊደል ትከሻ ብቻ እያሳዩ ይከፈታሉ፤ ቀሪውን ለማየት ወዲህና ወዲያ መጎተት ነው። ከሁሉም የባሰው አንድ የኬሚስትሪ ፋይል ነው። ገና ሲከፈት ስክሪኑን በሙሉ ይውጠዋል፤ መዝጊያውም ሰዓቱም ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ኮምፒውተሩን ያበላሸች መስሏት ሶኬቱን ነቅላ ወጣች፤ ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍቱን ሳትረግጥ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዋን ልካ «እትዬ ተቆጥተዋል ወይ?» አስባለችኝ።

የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ ሁሉም ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምር፣ ገጹ የስክሪኑን ስፋት ይሙላ፣ ወደ ታች ሳይቆራረጥ ይውረድ፣ ጎን ላይ ምንም አይዘርጋ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። በነፃው አክሮባት ሪደር ፋይሉን ከፍቼ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገባሁ። ማየት ይቻላል፣ መቀየር አይቻልም። ከዚያ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ቤት ሄድኩ፤ «በፋይል 25 ብር» አለኝ። 412 በ25 ሲባዛ 10,300 ብር! በዚህ ብር ስንት ቆሮሶ ይጠበስ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ፖሊ ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት)

እትዬ ጤና ይስጥልኝ። 25 ብሩን ላንድ ፋይል መጠየቁ ሥራውን አንድ በአንድ ሊሠራው አስቦ ነው፤ አንድ በአንድ መሠራት የለበትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ፒዲኤፍ ሲከፈት እንዴት እንደሚታይ የሚወስኑት ሁለት አካላት ናቸው። አንደኛው ፋይሉ ራሱ ነው፤ «እንዲህ አድርገህ ክፈተኝ» የሚል ትዕዛዝ በውስጡ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ምንም ካላለ ፕሮግራሙ የራሱን ልማድ ይከተላል፤ ፋይሉ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ቃል ይጸናል። የእርስዎ 412 ፋይሎች ከ412 ሰው እጅ የመጡ ስለሆኑ አንዳንዱ ይናገራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የተዘበራረቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፋይሎቹን ሳይነኩ በየኮምፒውተሩ ሪደሩን ማስገደድ ይችላሉ። «ኤዲት»፣ ከዚያ «ፕሪፈረንስስ» ይግቡ። ሰው ሁሉ «ፔጅ ዲስፕሌይ» የሚለውን ይነካና «አልሠራ አለኝ» ይላል፤ እሱ የሚሠራው ዝም ላሉት ፋይሎች ብቻ ነው። እርስዎ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለው ውስጥ ይግቡ። «ሁልጊዜ ይህን የገጽ አቀማመጥ ተጠቀም» እና «ሁልጊዜ ይህን ዙም ተጠቀም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሁለቱንም ምልክት አድርገው ለመጀመሪያው «ሲንግል ፔጅ ኮንቲኒውስ»፣ ለሁለተኛው «ፊት ዊድዝ» ይምረጡ። የሚናገሩትንም ፋይሎች ያሸንፋቸዋል።

ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ከሆኑ ደግሞ ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባል ቀላል ፕሮግራም አለ፤ ሳይጫን ከፍላሽም ይነሳል። ማስተካከያው አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አንዱ ላይ ያስተካክሉና ያንኑ ፋይል ለአሥሩ መገልበጥ ነው።

ለኬሚስትሪዋ ልጅ ግን እስከዚያው «ኢስኬፕ» የምትባለውን ቁልፍ ያሳዩልኝ፤ ከሙሉ ስክሪን ታወጣታለች።

ዝም ብሎ አላፊ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት)

ይህን ሁሉ ከማድረግ ልጆቹን «ኮንትሮል እና 2 ተጫኑ» ብሎ ማስተማር አይቀልም? ገጹ ወዲያው ስፋቱን ይሞላል። የአሥር ሰከንድ ትምህርት ነው።

ሽምብጥ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል)

ወንድሜ አላፊ፣ አስተምሬ ነበር። በወረቀት ጽፌ በየስክሪኑ ግርጌ ለጥፌ ነበር። ወረቀቱ ማስቲካ መጠቅለያ ሆነ።

ፖሊ ማዶ፣ ልጄ፣ ተባረክ። አክሰሲቢሊቲውን በሦስቱ ላይ ሞከርኩት፤ ሒሳቡም ባዮሎጂውም እጅ ሰጡ። ኬሚስትሪው ግን እንደ በፊቱ ስክሪኑን ይውጣል፣ የፊዚክሱም ዝርዝር ይዘረጋል።

ሳልነግራችሁ የቀረ ነገርም አለ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዘጌ የሚያስተምሩ አንድ መምህር አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ሲመጡ ፍላሻቸውን ሞልቼላቸው ይመለሳሉ። እዚያ የሚከፍቱት በራሳቸው ላፕቶፕ ነው። የኔን ሪደር ባስተካክለው ለሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? የኔ ማስተካከያ ጀልባ አይሳፈር።

ብራና ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት)

እንዲህ ከሆነ ፋይሎቹ ውስጥ መግባት ግድ ነው። ጎንደር ነው ያለሁት፤ የብራና ፎቶዎችን ወደ ፒዲኤፍ እየቀየርን ስናስቀምጥ ይኸው ጣጣ ደርሶብን ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ኬሚስትሪው ለምን እምቢ እንዳለ። የሪደሩ አክሰሲቢሊቲ የሚያስገድደው አቀማመጡንና ዙሙን ብቻ ነው። ሙሉ ስክሪን መሆንና የምዕራፍ ዝርዝር መዘርጋት በሌላ ትዕዛዝ ነው የሚመጡት። እያንዳንዱ ፒዲኤፍ ውስጥ ካታሎግ የሚባል የፋይሉ ሥር አለ፤ እዚያ ሥር ላይ ሦስት ነገሮች ሊጻፉ ይችላሉ፦

«ፔጅ ሌይአውት» ገጾቹ እንዴት እንደሚደረደሩ ይናገራል። ሳይቆራረጥ ወደ ታች እንዲወርድ ዋጋው «ዋን ኮለም» መሆን አለበት። «ፔጅ ሞድ» ጎን ላይ ምን እንደሚዘረጋ ወይም ሙሉ ስክሪን እንደሚሆን ይናገራል፤ ምንም እንዳይዘረጋ «ዩዝ ነን»። «ኦፕን አክሽን» በየትኛው ገጽና በምን ዙም እንደሚከፈት ይናገራል፤ የመጀመሪያው ገጽ፣ «ፊት ኤች»፣ ማለትም ስፋቱን ሙላ።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ ፓይክፒዲኤፍ የሚባል ነፃ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ፣ ይጫናል። ከዚያ ፎልደሩን ዞሮ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ እነዚህን ሦስቱን ሥሩ ላይ ጽፎ ሌላ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። በዋናው ፋይል ላይ ልደርብ ካላችሁት እሱ ራሱ እምቢ ይላል፤ እምቢታውን አታስነሱት፣ ደግ እምቢታ ነው። የሚከፈልበት አክሮባት ፕሮ ያለው ሰው ካገኛችሁም በጅምላ መሥራት ይቻላል፤ ግን ለዚህ ብላችሁ አትግዙ።

አሁን የመምህራኑ ፎቶ። ፒዲኤፍ ገጹን የሚለካው «ነጥብ» በሚባል መስፈሪያ ነው፤ አንድ ኢንች ማለት 72 ነጥብ ነው። ስልክ ያነሳው ፎቶ ስፋቱ 3,000 ፒክስል ቢሆንና ቀያሪው ፕሮግራም አንዱን ፒክስል እንደ አንድ ነጥብ ቢቆጥረው፣ ገጹ ወደ 42 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሆኖ ይመዘገባል። እንግዲህ በ100 ፐርሰንት ሲከፈት የፊደል ትከሻ ብቻ ቢያሳይ ምን ይደንቃል? ፋይሉ አልተበላሸም፤ ራሱን እንደ በር መጋረጃ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ በፐርሰንት ዙም አትስጡ፤ «ስፋቱን ሙላ» ማለት ብቻ ነው ለትልቁም ለትንሹም እኩል የሚሠራው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዲጂታል ፊርማ ያለበት ሰነድ ካለ ከዚህ ሥራ አውጡት፤ እንዲህ ተከፍቶ ዳግም ሲጻፍ ፊርማው ይፈርሳል። ስልክ ላይ ያሉ ብዙ መክፈቻዎች ደግሞ እነዚህን ትዕዛዞች አይሰሙም፤ ለስልክ ተስፋ አታድርጉ።

ሽምብጥ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት)

«ላይብረሪ ይጫናል» ነው ያልከኝ? እኔ ላይብረሪ ተጭኖብኝ 23 ዓመቴ።

የበር መጋረጃዋን ግን ወደድኳት። ለመምህራኑ ነግሬ አሳቅኳቸው። ፓይተኑን ግን ማን ይሥራልኝ?

ፖሊ ማዶ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት)

እኔ አለሁ እትዬ። ኮዱን ዛሬ ማታ ጽፌ በራሴ ፋይሎች እሞክረዋለሁ፣ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። ባጃጅ ከፔዳ ሽምብጥ ስንት ሆነ አሁን? እንደሱ አይደለም፣ ተዉት፣ በእግሬ እመጣለሁ። ቡና ብቻ አይጥፋ።

ሽምብጥ (እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት)

መጣ። ልጁ ፂም እንኳ አላወጣም፣ እኔ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ስድስት ፋይል ብቻ ገልብጠን ሞከርን፤ በየዓይነቱ አንድ አንድ። ኬሚስትሪው ተስተካከለ፣ ፊዚክሱ ተስተካከለ፣ ሒሳቡ ግን አሁንም መሃል ገጽ ላይ ከፍቶ ቁጭ! ልጁ ኮዱን ሦስቴ አነበበው። በመጨረሻ የተገኘው ሌላ ነው፦ ያ ኮምፒውተር ሪደሩ ላይ «ያለፈውን እይታ መልስ» የምትል ምልክት ተደርጋበታለች። ፋይሉ ታዟል፣ ሪደሩ ግን ባለፈው የዘጋንበትን ገጽ ያስታውሳል። ምልክቷን አነሳናት፣ አለቀ። ሱማትራም እንዲሁ ያስታውሳል ብሎኛል፤ የምትሞክሩ ሰዎች ይህን ሳታዩ ኮዱን አትሳደቡ።

ከዚያ 412ቱን ለቀቅናቸው። መብራት እንዳይሄድብን ጊዮርጊስን ለምኜ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀርብ ጨረሰ። 398 አለፉ፣ 14 ቀሩ። ከቀሩት ዘጠኙ የይለፍ ቃል ያለባቸው ናቸው፤ አምስቱ ድሮም ሲገለበጡ ተቋርጠው ጎዶሎ የመጡ ኖረዋል። አንዳቸውን እንኳ ከፍቶ ያጉረመረመልኝ ተማሪ የለም፤ ማለት ማንም አላነበባቸውም ማለት ነው። ይህንን ለራሴ ይዤዋለሁ።

የዘጌው መምህር ያንኑ ዕለት አዲሱን ፍላሽ ይዘው ተሳፈሩ። ማታ ደወሉ፦ ላፕቶፑ ላይ እንደ ሐር ይወርዳል፣ የተማሪዎቹ ስልክ ላይ ያው የድሮው ነው። ብራና ቆጣሪ እንዳልከው።

አንድ ነገር አልተፈታልኝም። አንድ የታሪክ መምህር የመጽሐፉን ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ ነው ያነሱት። ስፋቱን ሲሞላ ሁለቱም ገጽ አብረው ይገቡና ፊደሉ ያንሳል።

ብራና ቆጣሪ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት)

እሱ የአከፋፈት ጉዳይ አይደለም እትዬ። ለፋይሉ ያ አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን። ፎቶዎቹ መሃል ለመሃል መቆረጥ አለባቸው። ፎቶውን በቀጥታ ካነሱት በነፃ ፕሮግራም ይቆረጣል፤ አጋድመው ካነሱት ግን እንደገና ቢያነሱት ይፈጥናል። ብራናውን እኛ ሁለት ጊዜ ነው ያነሳነው።

ፖሊ ማዶ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት)

አጋድመው ነው ያነሱት፣ አይቼዋለሁ። አውራ ጣታቸውም አለበት።

ሽምብጥ (ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት)

መምህሩ እንደገና ሊያነሱ ቃል ገብተዋል፤ ጣታቸውን ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ያችን የ10ኛ ክፍል ልጅ ጠርቼ ኬሚስትሪውን አስከፈትኳት። እንደ ሰው ተከፈተላት። ማውሱን ከመንካቷ በፊት ግን ዞር ብላ ሶኬቱ የት እንዳለ አየች።