ቦዛው፣ ፕሎን ወይስ ማለንተ? የሐይቅ ዳር ዕረፍት ጥቆማ

ከሐምቡርግ ብዙ ሳይርቅ፣ ልጆች ይዞ አንድ ሳምንት የሚታረፍበት ጸጥ ያለ ሐይቅ ዳር ለምትፈልጉ፣ የእኔ ጥቆማ ቦዛው ነው። ፕሎንም ማለንተም አድሬ አይቻለሁ። ሦስቱም በሰሜን ጀርመን፣ የሆልሽታይን ስዊዘርላንድ በሚሉት፣ ሐይቅና ኮረብታ በበዛበት አካባቢ ይገኛሉ። ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም የሚስማሙት ለተለያየ ሰው ነው።

ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት ያስመጣችሁ ወደ ማለንተ ሂዱ። ሆቴል እንደ ልብ ነው፣ ባቡርም ይገባል። «የአምስቱ ሐይቆች ጉዞ» የሚሉት ጀልባ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጉልበት ለሚያማት እናት ከዚህ የተሻለ ሽርሽር አላውቅም።

መኪና የሌላችሁ ፕሎን ይሻላችኋል። ከሐምቡርግ ሉቤክ ድረስ ሄዳችሁ ወደ ኪል የሚሄደውን ባቡር መያዝ ነው። ጣቢያው ሐይቁ ዳር ስለሆነ ገና ስትወርዱ ውሃው ይቀበላችኋል። ኮረብታው ላይ ያለው ነጭ ቤተ መንግሥት ዛሬ የመነጽር ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ነው። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው አገር አቀፍ ወርሃዊ ትኬት ለባቡሩና ለአውቶቡሱ ይሠራል፤ ለሳይክል ግን ለብቻ ትኬት ይቆረጣል። ጀልባውም ለብቻው ይከፈላል።

ቦዛው በዚያው በትልቁ የፕሎን ሐይቅ ማዶ ያለ መንደር ነው። ሐይቁ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት ትልቁ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ከውሃው አፋፍ ላይ ቆሟል። በ1150ዎቹ ጳጳስ ቪሴሊን ያሠራው ነው። ያኔ አካባቢው የስላቮች አገር ነበር። ሄልሞልድ የሚባለው የቦዛው ቄስ የእነሱን ታሪክ በላቲን የጻፈው እዚሁ እያገለገለ ነው። ግድግዳው ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ነው። አንድ ምሽት ልጄ እጇን ዘርግታ ነካችውና «እማዬ፣ ይሞቃል!» አለችኝ። እኔም ነካሁት። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ድንጋዩ ግን የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነበር። በበጋ ኮንሰርት ይደረግበታል። አንዱን ሳትሰሙ እንዳትመለሱ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ሆቴል ሳይሆን ኩሽና ያለው ፈርየንቮኑንግ (ለዕረፍት የሚከራይ ቤት) ተከራዩ። ምክንያቴ ፍልሰታ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ብዙ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይገጥማል። የመንደር ምግብ ቤት ደግሞ ዓሣና ሥጋ ነው የሚያቀርበው፤ ለጾመኛ የሚተርፈው ድንችና ሰላጣ ነው። እኛ ሽሮ፣ በርበሬና ደርቆ የታሸገ እንጀራ ይዘን ሄደን ሳምንቱን በሰላም ጾመናል። አስቤዛውን ፕሎን ላይ ጨርሳችሁ ግቡ።

ስትከራዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። የመጨረሻ ጽዳት፣ አንሶላና ፎጣ ለብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። ኩርታክስ የሚባል የእንግዳ ቀረጥም አለ። እኔ አንድ ቤት በርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄጄ፣ ማታ ስንደርስ አልጋው ባዶ ፍራሽ ነበር። ልጆቹን በፎጣና በጃኬት ነው ያስተኛኋቸው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «አንሶላ አብሮ ነው ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ካልሆነ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ለማትጾሙ ወይም ከጾም ውጭ ለምትሄዱ፣ ማሬነ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ በጭስ የተዘጋጀውን ግዙ። ከምግብ ቤት ይልቅ ከአጥማጆቹ መሸጫ መግዛት ይሻላል። በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧችኋል። ወርቅማ ቆዳው በጣት ሲሳብ ይላጣል፤ ሥጋው ገና ለብ ያለ ከሆነ ዳቦም አያስፈልገው። እኛ የበላነው ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ ሚጥሚጣ ነስንሰንበት ነው።

ወደ ቦዛው በአውቶቡስ የምትመጡ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ጥቂት ነው። በበጋ ግን የሐይቁ ጀልባ ከፕሎን ተነስቶ ቦዛው ይቆማል። እኔ ከነሻንጣዬ መጀመሪያ የደረስኩት በእሱ ነው፤ ከሩቅ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ነው። መዋኛውም መንደሩ ውስጥ ስለሆነ ልጆች መኪና አያስፈልጋቸውም። ሐይቁ ግን መሀሉ ከ50 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ዋና የማይችል ልጅ ከዳር እንዳይርቅ።

ለጁላይና ኦገስት የምትፈልጉ ከጃንዋሪ ጀምራችሁ ያዙ። ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ በየዓመቱ የሚመለስ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። እኛም የዘንድሮውን ይዘናል።