ሀዋሳ ላይ የሰራነው የጋራዥ ኤፖክሲ በሦስት ሳምንቱ መላጥ ጀመረ፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ወለል በሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሀዋሳ ላይ የኤፖክሲ ወለል (ከሃርድነር፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ ጠንካራ የወለል ቅብ) እንሰራለን፣ ከጀመርን ዓመት ከምናምን ሆኖናል፣ እስካሁን ሱቅ፣ ፋርማሲና ሁለት መኖሪያ ቤት ሰርተን አንድም ቅሬታ መጥቶብን አያውቅም። አሁን ግን ሐይቁ ዳር ካለው ከፍቅር ሐይቅ ሰፈር ብዙም የማይርቅ አንድ ጋራዥ 120 ካሬ ሰርተን ገና በሦስተኛው ሳምንት መላጥ ጀመረ። ወለሉ የቆየ ሊሾ ነው፣ በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ አጠብነው፣ ሁለት ቀን አደረቅነው፣ ፕራይመር (ከስር የሚገባ መያዣ ቅብ) አንዴ ኤፖክሲ ሁለቴ በሩሎ አስኬድንበት፣ ስናስረክብ መስታወት ነበር የሚመስለው። አሁን በሩ አካባቢ መኪና ቆሞ ሲነሳ ጎማው ቀለሙን ይዞት ይነሳል፣ ከኋላ ግድግዳው ጋ ደግሞ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። ባለቤቱ ቀሪውን ግማሽ ክፍያ አልሰጥም መጀመሪያ አስተካክሉ ይላል፣ እኔም አልፈርድበትም ግን ቀብዱ በሙሉ ለእቃ ወጥቷል። ከላዩ ሌላ ኮት ብጨምርበት ይይዛል? ካልሆነስ እንዴት ላድነው? የወንድሜም እጅ ከዚህ ሥራ ወዲህ እያሳከከው ቀልቷል፣ ስለሱም የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የአዳማ ወለል

እህቴ አይዞሽ፣ ይሄ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንዴ ያልደረሰብን የለም። ግን እባክሽ ከላዩ ምንም እንዳትጨምሪ፣ የታችኛው ካልያዘ የላይኛው ምን ሊይዝ ነው፣ እቃ ብቻ ነው የምታቃጥይው። መጀመሪያ የተላጠውን በስፓቱላ አንስተሽ ጀርባውን እዪው። ጀርባው ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ተጣብቆ ከመጣ ችግሩ ሊሾው ነው፣ ቀለሙ ይዟል፣ የለቀቀው ከስር ያለው ደካማ ቆዳ ነው። ጀርባው ንጹህና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቅባት ነበረ ወይም ወለሉ በጣም ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ቀለሙ የሚይዘው ነገር አላገኘም። በጣት ስትነኪው የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ ሃርድነሩ በትክክል አልተመጠነም ወይ በደንብ አልተቀላቀለም። ውሃ የቋጠረውንም በቢላ ቀድደሽ ውስጡ ምን እንዳለ ንገሪን፣ ዓይንሽን ብቻ ጠብቂ።

ጠያቂዋ፦ ወለል በሀዋሳ

አሁን ከጋራዡ ነው የምጽፈው። የበሩ ጋ የተነሳው ጀርባው በሙሉ ዱቄት ነው፣ በጣቴ ስጠርገው ይራገፋል፣ ፊኖ ዱቄት ነው የሚመስለው። የኋላውን ስቀደው ግን ውሃ ወጣ፣ ውሃውም ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፣ በጓንቱ ሳሸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከስሩ ያለው ኮንክሪት ጠቁሯል።

መልስ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ

እንግዲህ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያለሽ፣ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት እንዳትፈልጊ።

የኋላው ከመሬት የሚመጣ እርጥበት ነው። የሚያንሸራትተው ውሃው በኮንክሪቱ ውስጥ ሲያልፍ የሲሚንቶውን አልካሊ ይዞ ስለሚወጣ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ኮንክሪት ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ በጣም ቀጫጭን ቀዳዳ ስላለው ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። አሮጌ ቤቶች ሲሰሩ ከኮንክሪቱ ስር ላስቲክ የሚያነጥፍ ሰው ጥቂት ነው፣ እናም እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ እየወጣ በአየር ይተን ነበር፣ እናንተ ኤፖክሲ ስትከድኑበት መውጫ አጣና ቀለሙን ገፋው። ሁለት ቀን ማድረቅ ያጠባችሁበትን ውሃ ነው የሚያደርቀው፣ ከስር የሚመጣውን አይነካውም።

ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት የላስቲክ ቴስት ልመጂ። 45 በ45 ሳንቲም የሆነ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈሽ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ትለጥፊዋለሽ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት፣ ከቻልሽ አንድ ሙሉ ቀን ትተይዋለሽ። ስታነሺው ላስቲኩ ካላበው ወይ ኮንክሪቱ ከጠቆረ እዛ ላይ ተራ ኤፖክሲ አይኬድም። አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፣ ጥግ ጥጉንና ግድግዳ ስሩን ጨምሪ። በጋ ላይ ደረቅ የሆነው ክረምት ላይ ሊያልብ ስለሚችል የእርጥበት መለኪያ ማሽን ያለው ሰው ካገኘሽ እሱንም አስለኪ፣ ብዙዎቹ የኤፖክሲ መመሪያዎች ከ4 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው ኮንክሪት ላይ አትቀቡ ነው የሚሉት።

መልስ፦ ቀቢው

እኔ በቀለም ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ሊሾን አሲድ አፍስሰሽ ብታጥቢው ይቆነጥጥልሻል፣ ርካሽም ነው።

መልስ፦ የአዳማ ወለል

ወንድሜ ቀቢው፣ አክብሬህ ነው ግን እዚህ ቦታ ላይ አልስማማም። አሲድ የሞተር ዘይት የጠጣ ወለል ላይ አይሰራም፣ ዘይቱ ራሱ ይከላከለዋል። ደግሞ አሲዱን ለማጠብ ብዙ ውሃ ታፈሳለህ፣ እርጥበት ያስቸገረው ወለል ላይ ሌላ እርጥበት ጨመርክ ማለት ነው፣ በደንብ ካልታጠበም የሚተወው ጨው በራሱ ቀለሙን ያስለቅቃል።

የፊተኛው፣ የበሩ ጋ ማለት ነው፣ መፍትሄ ግራይንድ ማድረግ፣ ማለትም ወለሉን በማሽን መፋቅ ነው። በዘይቱ ቦታ መጀመሪያ ዘይት የሚያነሳ ሳሙና ተጠቅመሽ አስለቅቂው፣ አለዚያ ማሽኑ ያሰራጨዋል። ከዛ በዲያመንድ ዲስክ የሊሾውን ቆዳ በሙሉ አንስተሽ የአሸዋው ቅንጣት መታየት አለበት፣ በእጅ ስትዳብሺው ሻካራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እስኪሆን። ለማረጋገጥ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ በደቂቃ ውስጥ ከጠጣው ጨርሰሻል፣ እንደ ዶቃ ከላይ ቁጭ ካለ ገና ነው ወይ ዘይት አለ። የጎማው ነገርም ከዚሁ ጋር ነው፣ የሞቀ ጎማ ቆሞ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ቀለሙን ይስበዋል፣ ከስሩ በደንብ ካልያዘ ይዞት ይነሳል። ለሚቀጥለውም መኪና ቢያንስ 7 ቀን እንዳይገባ አድርጊ፣ በ24 ሰዓት መርገጥ ይቻላል ማለት መኪና ማቆም ይቻላል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ አዳማ ላይ በሙቀቱ ብዙ የተማርነው ነው። ኤፖክሲና ሃርድነሩ ተቀላቅሎ ባልዲ ውስጥ በቆየ ቁጥር ራሱን እያሞቀ ቶሎ ይደርቃል፣ እንደተቀላቀለ ወለሉ ላይ አፍስሺውና በሩሎ ዘርጊው። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ሃርድነር መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ወለሉ እየሞቀ ሲሄድ ከውስጥ አየር ስለሚወጣ ቀለሙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል አረፋ ይተዋል፣ ስለዚህ እኛ ከሰዓት በኋላ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው የምንቀባው።

መልስ፦ ጋራዥ አለኝ

እኔ ሙያተኛ አይደለሁም፣ ደንበኛ ነኝ። ባለቤቱ ጋ ሄደሽ የቀደድሽውን ውሃ የቋጠረ ቦታ አሳዪው፣ ላስቲኩንም አብራችሁ ለጥፉ፣ አብራችሁ አንሱት። እኔ ብሆን የሚያናድደኝ መላጡ ሳይሆን ስደውል ስልክ የማያነሳ ሰው ነው። አንዴ ሁሉንም ዘግተሽበት ሥራ እንዳይፈታም ግማሽ ግማሹን ስሪለት።

መልስ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ

የዋጋ ነገር አልተነሳም መሰለኝ። አንድ ሊትር ኤፖክሲ ቲነር ካልገባበት በ1 ሚሊ ውፍረት 1 ካሬ ይሸፍናል፣ ሂሳቡ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። 120 ካሬ በ0.3 ሚሊ ስትሰሪ 36 ሊትር ነው፣ ፕራይመሩና ብክነቱ ለብቻ፣ ግራይንድ የተደረገ ወለል ደግሞ ፕራይመር የበለጠ ይጠጣል። የግራይንዲንጉን ዋጋ በውሉ ላይ ከቅቡ ለይተሽ ጻፊው፣ አለዚያ ደንበኛው ሲከራከርሽ መጀመሪያ የምትቀንሺው እሱን ነው። የእርጥበት ቴስቱ ውጤትም ከነፎቶው ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ቀብድ ከቴስቱ በኋላ ብቻ ተቀበዪ።

የወንድምሽ ነገር ግን ከወለሉ ይበልጣል። ኤፖክሲ ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም፣ ሙያውን እስከመተው ያደርሳል። ሐኪም ይየው፣ እስከዛው ኤፖክሲ አይንካ። ከነካውም በቲነር እንዳይታጠብ፣ ቲነሩ ቆዳውን እየሸረሸረ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ በሳሙናና በውሃ ነው። ናይትራይል ጓንት ልመዱ፣ ግራይንድ ስታደርጉም የአሸዋው ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ደህና ማስክና ብናኝ መሳቢያ ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ፦ ወለል በሀዋሳ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ከባለቤቱ ጋር ሆነን አራት ቦታ ላስቲክ ለጥፈን ዛሬ ማታ አነሳነው። የፊት ሁለቱ ደረቅ ናቸው፣ የመሐሉ ትንሽ ጠቁሯል፣ የኋላው ግን ስናነሳው ውሃው እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ባለቤቱ ዝም ብሎ አየውና ወደ ውጪ ይዞኝ ወጣ፣ ለካ የጣሪያው አሸንዳ በቀጥታ ከዛው ግድግዳ ስር ነው የሚያፈሰው። ነገ ቧንቧ ገጥሞ ወደ ዲች ሊያዞረው ተስማምተናል። ከፊት ያለውን 70 ካሬ ግራይንድ አድርገን እንደገና እንቀባለን፣ ኋላውን ለጊዜው ኤፖክሲውን አንስተን ኮንክሪቱ እንዲተነፍስ እንተወዋለን፣ ከወር በኋላ ላስቲኩን ደግመን አይተን ካላበው ዴንሲፋየር (ኮንክሪቱን የሚያጠነክር ፈሳሽ) ጠጥቶ ፖሊሽ ብቻ ይሆናል። ቀሪውንም ክፍያ የፊቱ ሲያልቅ ግማሹን ሊሰጠኝ ፈርመናል። ወንድሜ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ይሄዳል።

የቀረኝ ማሽን ነው፣ የእጅ ግራይንደር ለጥግ ይሆናል እንጂ ለ70 ካሬ አይሆንም። ሀዋሳ ወይ ሻሸመኔ የወለል ግራይንደር ከነብናኝ መሳቢያው ለሁለት ቀን የሚያከራይ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።