ትንሹን የመኳንንት ቤት ያለ ጦርነት እንዴት ማነቅ ይቻላል? (የምናባዊ መንግሥት ጥያቄ)

ብራና፦
በምናባዊ መንግሥት ውስጥ የሚሆን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሦስት መንደር፣ 120 አባወራ ገባርና አንድ የድንጋይ ግንብ ያለው ትንሽ የመኳንንት ቤት አለ። በላዩ አውራጃውን በሙሉ የያዘ ታላቅ መስፍን አለ፤ ያችን መሬት መጠቅለል ይፈልጋል። እስካሁን በጻፍኩት ጦር ልኮ ግንቡን ይከባል። ግን ንጉሥ ባለበት አገር እንዲህ በግላጭ ማን ይደፍራል? ሕግ ሳይጥስ ቀስ እያለ እንዲያንቃቸው ነው የምፈልገው። ጉሮሯቸው የቱ ጋ ነው? የጦር አቅማቸውስ? አሁን 40 ፈረሰኛ ሰጥቻቸዋለሁ።

የጎተራ ቁልፍ፦
40 ፈረሰኛውን አሁኑኑ ሰርዘው። ሒሳቡን ከእህል ጀምር።

አንድ አባወራ 4.5 ሄክታር ይዟል እንበል። ሲሶው ጦም ያድራል፣ 3 ሄክታር ይዘራል። በሄክታር 1.5 ኩንታል ዘር ብትይዝ 4.5 ኩንታል መሬት ይገባል። በዚያ ዓይነት ዘመን አንድ የተዘራ አራት ቢመልስ ደህና ዓመት ነው፤ 18 ኩንታል ታፈሰ ማለት ነው። ከዚያ 4.5 ለከርሞ ዘር ይቀመጣል፣ 1.8 ለቤተ መቅደስ አስራት ይወጣል፣ አምስት ነፍስ በሰው 2 ኩንታል ሲታሰብ 10 ይበላል። የተረፈው 1.7 ነው። በ120 አባዛው፤ 204 ኩንታል። ቤቱ ገባሩን ሳያስርብ ሊሰበስብ የሚችለው ይኸው ነው። (ከብቱን፣ ደኑንና ገበያውን አላስገባሁም፤ ይደጉማሉ እንጂ ነገሩን አይለውጡትም።)

ወደ ወጪው እንምጣ። የጦር ፈረስ ድርቆሹ ሳይቆጠር በቀን 4.5 ኪሎ ገደማ እህል ይበላል፤ በዓመት 16 ኩንታል ያልፋል። ፈረሰኛው ከነቤተሰቡ 10። ስለዚህ አንድ ፈረሰኛ 26 ኩንታል ነው። አምስት ብታቆም 130፣ የግንቡ 20 ሰው ደግሞ 40። ለመስፍኑ ግብር፣ ለብረት፣ ለጨው፣ ለጣሪያ ጥገና የሚቀርህ 34 ነው። መስፍኑ «ስምንት ፈረሰኛ አቁሙ» ቢል ገና ከግንቡ ሳይወጡ 44 ኩንታል ጎደለ።

ብዙ ደራሲ የሚስተው ክፉውን ዓመት ነው። አንዱ አራት መመለሱ ቀርቶ ሦስት ቢመልስ ምርቱ በሩብ ብቻ የቀነሰ ይመስላል። አስላው፦ 13.5 ታፈሰ፣ 4.5 ዘር፣ 1.35 አስራት፣ የቀረው 7.65። ቀለቡ ግን 10 ነው። ትርፉ ድራሹ ጠፍቶ ገባሩ ለዘር ያስቀመጠውን መብላት ይጀምራል፤ የዚህ መዘዝ ደግሞ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ስለዚህ መስፍንህ ግብር መጨመርም አያስፈልገውም። በክፉው ዓመት የወትሮውን ግብር በቀኑ ይጠይቅ። ሲያቅታቸው ፈገግ ብሎ እህል ያበድራቸው፣ ወፍጮውን በመያዣ ይውሰድ። ወፍጮው ሲሄድ የማስፈጫው ገቢም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ዕዳው ራሱ ይሠራለታል።

ደጅ ጠኚ፦
በእህሉ እስማማለሁ። እኔ ሕጉን ልጨምር፤ ለታሪክህ የሚበጀው እሱ ይመስለኛል። የበላይ ጌታ ትልቁን በር የሚያገኘው የትንሹ ቤት ጌታ ሲሞት ነው።

የእንግሊዙን ማግና ካርታ ተመልከት። ሰው የነፃነት ሰነድ ይለዋል፤ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የምታገኘው ግን የውርስ ክፍያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1215 ወራሽ የአባቱን መሬት ለመረከብ የሚከፍለው ባሮን ከሆነ 100 ፓውንድ፣ ተራ ፈረሰኛ ከሆነ ቢበዛ 100 ሽልንግ (5 ፓውንድ) ተብሎ ተቆረጠ። ገደብ ያስፈለገው ንጉሡ ያሻውን ይጠይቅ ስለነበር ነው። አንተም በመንግሥትህ ገደቡን አትጻፍ፤ «ተመጣጣኝ ክፍያ» ይበል፤ ተመጣጣኝነቱን የሚወስነው መስፍኑ ይሁን።

ወራሹ ሕፃን ከሆነማ ጨዋታው አለቀ። የበላዩ ሞግዚት ሆኖ ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ገቢውን ይበላል፣ ደኑን ያስቆርጣል፣ ከብቱን ይሸጣል፣ ልጅቱን ለፈለገው ይድራል። ልጁ ርስቱን ሲረከብ ባዶ ጎተራ ነው የሚረከበው። ያው ሰነድ ሞግዚት ንብረት እንዳያጠፋ መከልከሉ ልማዱ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያሳይሃል።

ዘመቻም አለ። በምዕራብ አውሮፓ የተለመደው የፈረሰኛ ግዴታ በዓመት 40 ቀን ነበር። መስፍንህ አንድ ቀን እንኳ አይጨምር፤ 40ዎቹን ቀን አጨዳ ላይ ብቻ ይጣላቸው፣ ጋሪና በሬም ጨምረው ይዘው እንዲመጡ ይዘዝ። የደረሰ እህል ቆሞ ይረግፋል።

ልጅን መያዣ ማድረግን ደግሞ ክብር አልብሰው። በጃፓን የቶኩጋዋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1635 የየአገሩ ገዥዎች አንድ ዓመት በመንግሥቱ መቀመጫ በኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ)፣ አንድ ዓመት በአገራቸው እንዲቀመጡ ደነገገ፤ ሚስትና ወራሽ ግን ሁልጊዜ ኤዶ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ደጅ ጥናት በለው። የጉዞው፣ የአጀቡና የሁለቱ ቤት ወጪ ብቻውን ያደኸያል፤ ማንም ታሰረ አይባልም።

ብራና፦
የሞግዚቱን ነገር ወሰድኩት፤ ወራሹን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደርገዋለሁ። ፈረሰኞቹም አምስት ሆነዋል፣ ልቤ እያዘነ። ግን እንዲህ ከሆነ በሁለት ምዕራፍ ማለቃቸው ነው። እናትየው ምን ማድረግ ትችላለች?

ማኅተም፦
ሦስት ነገር ይታየኛል፤ አንዳቸውም ነፃ አይደሉም።

የመጀመሪያው የልጇን ሞግዚትነት ራሷ መግዛት ነው። በእንግሊዝ መበለቶች ይህን ያደርጉ ነበር። ዋጋው በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ስለሚሆን ከአንዱ ገመድ ወጥታ ሌላውን ታጠልቃለች፤ ደኑ ግን አይቆረጥም።

ሁለተኛው የክፍያ ማስረጃ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በል፤ ትዕይንት ይወጣዋል። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት የተከፈለውን በእንጨት ላይ እየቀረጸ ይመዘግብ ነበር፦ ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ያህል፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለአንድ ፓውንድ የገብስ ፍሬ ያህል ውፍረት ያለው ቅርጽ። ከዚያ እንጨቱ ለሁለት ይሰነጠቅና ከፋዩ አንዱን፣ ተቀባዩ ሌላውን ይይዛል። ሲገጣጠሙ ስንጥቁ ካልገጠመ አንደኛው ተጭበርብሯል። (ዘዴው እ.ኤ.አ. እስከ 1826 ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1834 የተጠራቀሙት እንጨቶች ሲቃጠሉ እሳቱ ፓርላማውን ይዞት ሄደ።) የመስፍኑ ግምጃ ቤት ሹም ግማሹን «ጠፋብኝ» ሲል፣ እሷ የባሏን የአሥር ዓመት እንጨቶች በጠቅላላ ይዛ ትቅረብ።

ሦስተኛው ይግባኝ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ መስፍን ግን ይከሰሳል፣ ንጉሥ ዘንድ። ንጉሥ በጣም የገዘፈ መስፍን ስለማይወድ ትንንሾቹን ቤቶች እንደ ልጓም ሊጠቀምባቸው ይፈልጋል። ስለዚህ እናትየው አንድ ቀን እንኳ «አልከፍልም» ማለት የለባትም፤ እምቢታ መሬት የሚያስነጥቅ ክህደት ነው። በቀነ ቀጠሮው ያላትን ይዛ፣ በምስክር ፊት ከፍላ፣ የቀረውን ቀን ትጠይቅ። አመፅ አስበህ ከሆነ ተወው። ጎረቤት ቤቶች አይነሱላትም፤ እያንዳንዳቸው ለዚያው መስፍን የየራሳቸው ዕዳ አለባቸው።

የጎተራ ቁልፍ፦
ንጉሡም በነፃ አያድናትም። ፍርዱን ከሰጣት በኋላ አምስቱን ፈረሰኞች ለራሱ ዘመቻ ይጠራል፤ ያኔ 26 ኩንታሉን በየፈረሰኛው የሚጠይቁ ሁለት ጌቶች አሏት።

አጥናፍ፦
እኔ የቃል ነገር ላንሳ። ደጅ ጠኚ «ርስቱን ሲረከብ» ብለሃል፤ ብራና ደግሞ «መሬት» እያልክ ታልፋለህ። በአማርኛ ስትጽፍ ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ርስት በዘር የሚወረድ ነው፤ ጉልት ግን በመሬቱ ላይ ካለው ገባር ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ የሰጠ ጌታ ሊነሳው ይችላል። ቤቱ ርስት አለኝ ብሎ የሚያምን፣ መስፍኑ ጉልት ነው የሰጠኋችሁ የሚል ቢሆን ክርክሩ ሁሉ እዚያ ይገባል። የአያትየው የስጦታ ብራና ላይ «ለእርሱ» ተጽፏል ወይስ «ለእርሱና ለዘሩ»? ያቺን ቃል ትል በልቷት እንደሆነ አስብበት።