የ1972 ቮልስ 1300 ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጋስኬት መቀየር ይበቃል ወይስ ሞተሩ ይፈታ?

ባለ ሰማያዊ ቮልስ (ጠያቂ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስዋገን 1300 በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች ስትሆን፣ አባቴ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ድረስ በየቀኑ ይነዳት ስለነበር ቆማ የከረመች መኪና አይደለችም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ባደረችበት ቦታ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል የዘይት ክብ መሬት ላይ ትታ ታድራለች፤ ረጅም ዳገት ከወጣሁ በኋላ ማሞቂያውን ስከፍት ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። በዳገት ላይ ያላት ጉልበትም እንደ ቀድሞው አይደለም።

ሁለት መካኒኮች አይተዋታል። አንደኛው ሞተሩን ሳያወርድ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ጋስኬቶች ቀይሮ በሲሊኮን ማስቲሽ እንደሚያሽጋቸው ሲነግረኝ፣ ሁለተኛው ምንም ሳይለካ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ ኦቨርሆል እንዲደረግለት አዟል። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ስለሆነ ውሳኔው ከብዶኛል።

እስከዚያው ከሶማሌ ተራ አንድ ሙሉ የጋስኬት ስብስብ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው የወረቀትና የቡሽ ጋስኬቶች፣ 16 ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች እንዲሁም መጠናቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት የዘይት ማቀዝቀዣ ጎማዎች አገኘሁ፤ የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን የሚዘጋው ክዳን) ጋስኬት ግን የለውም። ሻጩ ስብስቡ ሙሉ ነው ይላል። የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን? ሥራውንስ ከየት ልጀምር? የአባቴን መኪና በግምት እንዲፈቱብኝ አልፈልግም።

ጡረታ የወጣ መካኒክ

ልጄ፣ ሻጩ አልዋሸህም። በ1300ም ሆነ በ1600 የቮልስ ሞተር ሲሊንደሩ ያለ ምንም ጋስኬት በቀጥታ ቴስታታው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀጭን ወረቀት የሚገባው በሲሊንደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ከሞተሩ ቤት ጋር በሚገናኝበት በኩል ብቻ ነው። በውሃ በሚቀዘቅዝ መኪና ላይ የለመደ ሰው ይህን ባለማወቁ ስብስቡ ጎደለ ብሎ የሌላ መኪና ጋስኬት ቀርጾ ለመክተት ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ ሞተሩን ያበላሻል። የዘይት ማቀዝቀዣው ጎማ በሁለት መጠን የቀረበልህ ደግሞ የቀደሙት የሞተር ቤቶች የዘይት ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኞቹ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። የመኪናዋን ዕድሜ አትመን፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ያልተቀየረላት ቮልስ ጥቂት ናት። ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የተመታውን የሞተር ቁጥር አንብብ፣ ቀዳዳውንም ራስህ ለካ።

አሁን ወደ ፍሳሹ እንምጣ። የሞተሩን ሆድ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እስኪያበራ እጠብና አድርቀው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ንዳት፣ ከዚያም ሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘርግተህ አሳድራት። ጠብታው ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ከሆነ የፍላይዊሉ (የሞተሩ ከባድ መሽከርከሪያ) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት ማገጃ ጎማው፣ ይጠረጠራል። መሐል ላይ ከሆነ የዘይት ማጣሪያው ወንፊት ክዳን ነው። በግራና በቀኝ ከሆነ የቫልቭ ክዳኑ ቡሽ ወይም የፑሽሮድ (ቫልቭ የሚገፋ ዘንግ) ቱቦዎቹ ጎማ ነው። የማሞቂያው ሽታ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል፤ ከጎን የሚወርደው ዘይት የሚያርፈው የጭስ ማውጫው ሙቀት አየሩን በሚያሞቅበት ሳጥን ላይ ነውና።

ጋስኬት ከመንካትህ በፊት ግን ሞተሩን አጥፍተህ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህም ግፋ። ትክክለኛው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ የሚሰማህ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ0.15 ካለፈና ኳ የሚል ድምፅ ከሰማህ አዲስ ኦይል ሲል ብትገጥምለትም ብዙ አይቆይም። ወደ ላይና ወደ ታች ስታነቃንቀው የሚላወስ ከሆነ ደግሞ የክራንክሻፍቱ ሜታሎች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) የተቀመጡበት ቤት ሰፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሁለተኛው መካኒክ እውነት አለው፣ ሞተሩ መፈታት አለበት። የማይላወስ ከሆነ ግን የታችኛውን ክፍል እንዲፈታ ለማንም አትፍቀድ።

በቶርኖ ቤት የምሠራ

ጋሼ በጻፉት ላይ የጉልበቱን ነገር ልጨምር። ወንድሜ፣ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ፤ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ። ከጥገና መጽሐፉ ቁጥር ጋር ብቻ አታስተያየው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዚያ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 6 ባር አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ተፈርዶባቸው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ፒስተን የተቀየረላቸው፣ ነገር ግን ሲለኩ ሲሊንደራቸው ጤነኛ የነበረ ሞተሮች ወደ እኛ መጥተዋል። ዋናው ቁም ነገር በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት የተለመደ ነው፤ ሆኖም የቮልስ ሲሊንደር የተጋደመ በመሆኑ ዘይቱ በአንድ ጎን ስለሚተኛ ውጤቱ አያስተማምንም። ከዚያ የሚሻለው አሮጌ ካንዴላ ፈልፍሎ የአየር ቱቦ ማያያዝና ጎሚስታ ቤት ሄዶ ከኮምፕሬሰር አየር መስጠት ነው። ሁለቱ ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ መኪናዋን በአራተኛ ማርሽ አስይዛችሁ፣ የእጅ ፍሬን ጎትታችሁ፣ ጆሮ ማስጠጋት ነው። አየሩ በጭስ ማውጫው ከወጣ የጭስ ቫልቭ፣ በካርቡራተሩ ከወጣ የመግቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ነው።

ቴስታታው ከተነሣ የፑሽሮድ ቱቦዎችን እንዳሉ መልሳችሁ አትግጠሙ። በሁለቱ ጫፎቻቸው ያለው እጥፋት ተጨፍልቆ አጥረዋልና አዲሱን ጎማ አይጫኑትም። በጥንቃቄ ተስበው ወደ 191 ሚሊ ሜትር ይመለሱ፣ የተበየደው መስመራቸውም ወደ ላይ ይዙር። የቴስታታው ዳዶ የሚጠብቀው በቶርክ ቁልፍ ነው፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሆነ 31፣ ባለ 8 ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር። የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም ነው፤ ከዚያ በላይ የጠበቀ ብሎን ጥርሱን ነቅሎ ይወጣል።

ሞተሩ ከወረደ ደግሞ የፍላይዊሉ ኦይል ሲል ቢደርቅም ባይደርቅም ይቀየር እላለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ጡረታ የወጣ መካኒክ

እኅቴ ስለ ቫልቩ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። በመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። ደረቅ ኦይል ሲል የሚነካው ጨዋታውን የሚለካ መሣሪያና ፍላይዊሉን በትክክል የሚያጠብቅ ሰው ካለ ብቻ ነው። የመሐሉ ትልቅ ዳዶ 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። በመዶሻ እየመቱ ያጠበቁት ዳዶ ኋላ ሲላላ ፍላይዊሉንም ክራንክሻፍቱንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ማስቲሽም ልናገር። የወንፊቱ ክዳን ሁለት ወረቀትና ስድስት የመዳብ ሮንዴላ ይበቃዋል፤ ማስቲሽ አይፈልግም፣ ዳዶዎቹም ከ7 ኒውተን ሜትር አይለፉ። የቫልቭ ክዳኑ ቡሽ ከክዳኑ ጋር ብቻ ይለጠፍ፣ በቴስታታው በኩል በስሱ ግራሶ ተቀብቶ ደረቅ ይቀመጥ። ተርፎ ወደ ውስጥ የሚወጣው ሲሊኮን ተቆርሶ ወንፊቱ ላይ ሲከማች ሞተሩ ዘይት ያጣል። ከወንፊት ላይ የቀይ ሲሊኮን ክር በፒንሳ እየሳብኩ አውጥቻለሁ፤ የዚያ ሞተር ሜታሎች ተበልተው ነበር።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ የ1969 ቮልስ አለችኝ፤ ወደ አዲስ አበባም ለዘመድ መለዋወጫ እልካለሁ። ይህች መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትመረት ስለነበር አብዛኛው ዕቃ ዛሬም አዲስ ይገኛል። ሆኖም የመጨረሻዎቹ የሜክሲኮ 1600 ሞተሮች ቫልቫቸው በሃይድሮሊክ የሚስተካከል ስለሆነ አንዳንድ ክፍላቸው ከአንተ ጋር አይገጥምም፤ ስታስልክ “ለ1300፣ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ያለው” ብለህ ግለጽ። ለ1300 የፒስተንና የሲሊንደር ስብስብ ካስፈለገህ ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ 85.5 የሚለው የ1600 ነው። የፑሽሮድ ጎማዎቹን ከመግጠምህ በፊት በጣትህ ጨፍልቃቸው፤ መጋዘን ውስጥ የደረቀ ጎማ ወዲያው አይመለስም።

ከዘይቱ በፊት አንድ ነገር እንድታደርግ እለምንሃለሁ፤ የነዳጅ ጎማዎቹን በሙሉ ዛሬውኑ ቀይር። እኔ የራሴን ጎማ እጥፍ ሳደርገው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀ፤ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ደግሞ ከስፒንተሮጀኖው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ከሚያከፋፍለው ክፍል) አጠገብ ነበር። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው የነሐስ ቱቦም ላልቶ እንዳይወጣ ነካክተህ እይ።

ባለ ሰማያዊ ቮልስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነዳጅ ጎማዎቹን በማግሥቱ ቀየርኩ፤ ሁለቱ ተሰነጣጥቀው ነበር። ካርቶኑ ላይ ያደረው ጠብታ በሙሉ በግራ በኩል ነበር፤ በካምቢዮው መስመር ላይ አንድም የለም። የፑሊው ጨዋታ በመሣሪያ ሲለካ 0.11 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም አይላወስም። ኮምፕሬሽኑ በሦስቱ ሲሊንደሮች 6 ባር አካባቢ ሲሆን በ3ኛው 4.2 ነው። ጎሚስታው ቤት አየር ስንሰጠው ከጭስ ማውጫው ጫፍ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ። ጋሼ፣ ለምን 3ኛው ብቻ ይሆን? ቀኙንስ ቴስታታ አብሬ ላስነሣ?

ጡረታ የወጣ መካኒክ

በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በግራ በኩል ካለው ከ3ኛው ሲሊንደር ፊት ስለሆነ የሚደርሰው አየር የሞቀና ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው የእርሱ የጭስ ቫልቭ ነው። ሞተሩን አስወርድ፤ ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። የግራውን ቴስታታ ብቻ አስነሣ፣ ቀኙ ካልፈሰሰ ይቆይ። ከካንዴላው ቀዳዳ እስከ ቫልቩ መቀመጫ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ፈትሹ፤ ሁለቱንም የጭስ ቫልቮች በአዲስ ቀይር፣ የቫልቩን ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) ቶርኖ ቤት ይለኩልህ፣ ስምንቱን የግራ ጎማዎችና የዘይት ማቀዝቀዣውን ጎማ አብረህ ቀይር።

ከተገጠመ በኋላ ቫልቮቹን ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካክል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ደግመህ ለካ። የ3ኛው ክፍተት ዳግም ጠቦ ካገኘኸው እንዲሁ አስፍተህ አትንዳት፤ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ጻፍልኝ።